ነገረ ፒኖኪዮ፦ የእንጨቱ ልጅና የአባቱ ኮት

ለሕፃናት ከተጻፉት የዓለም መጻሕፍት መካከል እንደ ፒኖኪዮ ታሪክ በብዙ ቋንቋ የተተረጐመ፥ በቴአትርና በፊልም በብዙ መልክ የተደጋገመ፥ ነገር ግን ደራሲው እንደ ጻፈው ሆኖ እስከ ፍጻሜው ያነበቡት ሰዎች ጥቂት የሆኑ መጽሐፍ ማግኘት ያስቸግራል። ውሸት ሲናገር አፍንጫው የሚረዝመውን የእንጨት ልጅ ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ይሁን እንጂ ይኸው ልጅ መጀመሪያ በተጻፈበት ጊዜ በባሉጥ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ እንደ ሞተና ታሪኩም በዚያው ተፈጽሞ እንደ ነበረ፥ ምክር የሰጠውን ፌንጣ በመዶሻ እንደ ገደለ፥ አባቱም ለልጁ የፊደል መጽሐፍ ለመግዛት ሲል በበረዶ ወራት ያለችውን አንዲት ኮት አውልቆ እንደ ሸጠ የሚያውቅ ብዙ አይደለም። ይህ ጽሑፍ የዚህን ልጅ ነገረ ልደት፥ ከዚያም በኋላ ልዩ ልዩ ዘመናትና መንግሥታት እንደየፈቃዳቸው እየጠረቡ ያወጡለትን ልዩ ልዩ መልክ ይተርካል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ደራሲው ካርሎ ሎረንዚኒ በ1826 በቶስካና ግዛት በፍሎረንስ ከተማ ተወለደ። አባቱ በጂኖሪ መሳፍንት ቤት ምግብ አብሳይ፥ እናቱም በዚያው ቤት አገልጋይ ስለ ነበሩ፥ ልጁ ገና ከማለዳው ጀምሮ በባለጸጎች ማዕድና በድኾች ጓዳ መካከል ያለውን ልዩነት በዓይኑ እያየ አደገ፤ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹም ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው ሞቱ። ካህን ይሆናል ተብሎ ወደ ዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ተልኮ ነበር፤ ነገር ግን ለክህነት ያልተጠራ መሆኑን ዐውቆ ወጣና ወደ መጻሕፍት ሻጮችና ወደ ጋዜጦች ዓለም ገባ። በ1848 ኢጣልያ ከኦስትሪያ ቀንበር ለመውጣት በተነሣች ጊዜ በፈቃዱ ዘምቶ ተዋጋ፤ ከዘመቻው ሲመለስም የባለሥልጣኖችን ግብር የሚተች ጋዜጣ አቋቋመ፤ ጋዜጣውም በ1849 ተዘጋ፤ በ1859 እንደ ገና ዘመተ፤ በማግሥቱ ዓመት የተዘጋውን ጋዜጣ እንደ ገና ከፈተ። ኮሎዲ የሚለውን የብዕር ስም የወሰደው ከእናቱ ቤተ ሰብ መንደር ነው። የፈረንሳይን የጥንት ተረቶች ወደ ኢጣልያንኛ እንዲመልስ አንድ የፍሎረንስ አሳታሚ እስኪጠይቀው ድረስ፥ ማለት ዕድሜው ወደ ሃምሳ እስኪደርስ ድረስ፥ ለሕፃናት ምንም አልጻፈም ነበር።

በዚያ ጊዜ ኢጣልያ ገና አዲስ መንግሥት ነበረች። በ1861 በአንድ ዘውድ ሥር ስትጠቃለል ከመቶው ሕዝቧ ከ70 የሚበልጠው ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር፤ በ1877ም በሚኒስትሩ በኮፒኖ ስም የሚጠራው ሕግ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉት ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ግዴታ አደረገ። ሕጉ መልካም ነበር፤ ነገር ግን የፊደል መጽሐፉን የሚገዛው መንግሥት ሳይሆን አባት ነበረ፤ አባትየውም ብዙ ጊዜ ከለበሰው በቀር የሚሸጠው አልነበረውም። ኮሎዲ በዚሁ በ1877 እና በሚከተለው ዓመት ለአዲሶቹ ትምህርት ቤቶች ጃኔቲኖንና ሚኑትሶሎን የተባሉትን የንባብ መጻሕፍት ስለ ጻፈ፥ ይህንን የሕግና የኪስ አለመገናኘት ከማንም በላይ ያውቀው ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ፒኖኪዮም የተወለደው በዚህ መካከል ነው።

በ1881 ፈርዲናንዶ ማርቲኒ የተባለ የፍሎረንስ ተወላጅ፥ ደራሲና የሕዝብ እንደራሴ፥ በሮማ ከተማ ለሕፃናት ብቻ የሚታተም ሳምንታዊ ጋዜጣ አቋቋመ። የዚህ ሰው ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከዓድዋ ድል በኋላ፥ ከ1897 እስከ 1907፥ ኤርትራን የገዛው የመጀመሪያው ሲቪል አገረ ገዢ እርሱ ነው፤ የቅኝ ግዛቱ መቀመጫ ከምጽዋ ወደ አሥመራ የተዛወረው በእርሱ ዘመን ነው፤ ከዚያም በፊት በ1891 የመንግሥቱ መርማሪ ኮሚሲዮን አባል ሆኖ ወደ ኤርትራ መጥቶ ነበርና፥ ሲመለስ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በዚያች ምድር ላይ አንዱ ዘር ለሌላው ዘር ቦታውን መልቀቅ እንዳለበት ያለ ኀፍረት ጽፏል። ለአገሩ ሕፃናት ያን ያህል የራራ፥ በኋላም የትምህርት ሚኒስትር እስከ መሆን የደረሰ ብዕረኛ፥ የሌላውን አገር ሕፃናት በዚያ ዓይን ማየቱ የዘመኑ ሰዎች ኅሊና እንዴት ለሁለት ተከፍሎ እንደ ነበረ ያሳያል። የፒኖኪዮን ታሪክ የሚተርክ ኢትዮጵያዊ ይህን ነገር ሳይጠቅስ ሊያልፍ አይገባውም፤ ምክንያቱም ይኸው የእንጨት ልጅ በኋላ ዘመን ሌሎች እጆች ይዘውት ወደ እኛ አቅጣጫ የተመለሰበት ጊዜ አለ፤ ወደዚያም እንመጣለን።

የጋዜጣው የመጀመሪያ ቍጥር ሐምሌ መግቢያ ላይ፥ በ7 ጁላይ 1881፥ ሲወጣ የኮሎዲ ታሪክ «የአንድ አሻንጉሊት ታሪክ» በሚል ርእስ ተጀመረ። ጽሑፉን ለአዘጋጁ ሲልክ እንደ ቀላል ነገር ቈጥሮ፥ ማተሙን ለእነርሱ ፈቃድ ትቶ፥ ነገር ግን እንዲቀጥል ከፈለጉ ዋጋውን በሚገባ እንዲከፍሉት አሳስቦ ነበር፤ በቁማር የተበደረውን የሚከፍል ሰው እንደ ነበረ የሚያውቁት ወዳጆቹ በዚህ አልተደነቁም። ታሪኩ የሚጀምረው ተረት ሁሉ የሚጀምርበትን ንጉሥ ከደጅ መልሶ፥ በስፍራው ለምድጃ ማገዶ የተቈረጠ ተራ ግንድ በማስቀመጥ ነው። በንጉሥ ፈንታ ማገዶ ማስቀመጥ በዘመኑ ትንሽ ድፍረት አልነበረም፤ አንባብያኑ ሕፃናት ስለ ሆኑ ግን ሳንሱር የሚያደርገው አላገኘም።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ በየሳምንቱ እየከፋ ይሄዳል። ልጁ ተጠርቦ ሳያልቅ የአባቱን የሐሰት ጠጉር ከራሱ ላይ ይነጥቃል፤ እግር ሲወጣለት ይሸሻል፤ በእርሱ ጦስ አባቱ ይታሰራል፤ ተናጋሪው ፌንጣ ሲገሥጸው በመዶሻ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል፤ ቀበሮና ድመት የወርቅ ገንዘብ እንደ ዘር ተዘርቶ የሚበቅልበት እርሻ አለ ብለው ያታልሉታል፤ በመጨረሻም እነዚሁ ሁለቱ የወንበዴ ልብስ ለብሰው በሌሊት ይይዙትና ገንዘቡን አልሰጥም ቢላቸው በታላቁ ባሉጥ ላይ ይሰቅሉታል። ነፋስ እያወዛወዘው፥ የአባቱን ስም ጠርቶ፥ ነፍሱ ትወጣለች። በዚህም ላይ፥ በጥቅምት ወር መጨረሻ፥ ኮሎዲ ታሪኩን ፈጸመ።

ብዙ ሊቃውንት ይህን ፍጻሜ የገንዘብ ወይም የስንፍና ነገር አድርገው ያዩታል፤ ደራሲው ሰለቸውና ገጸ ባሕርዩን ገድሎ ተገላገለ ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ወንድሞቹንና እኅቶቹን በሕፃንነታቸው የቀበረ፥ በሁለት ጦርነት የዘመተ፥ ሕግ ለድኻ ልጅ ሳይደርስለት ሲቀር ያየ ሰው፥ ያልታዘዘ ድኻ ልጅ በዚያ ዘመን የሚደርስበትን ዕጣ በእውነት ጻፈ፤ ጭካኔው የዘመኑ ነው እንጂ የእርሱ አይደለም። ሕፃናት አንባብያን ግን ፍርዱን አልተቀበሉም። ደብዳቤ ወደ ጋዜጣው ጐረፈ፤ አዘጋጆቹም ደራሲውን ወተወቱት፤ ከአራት ወር ገደማ በኋላ፥ በፌብሩዋሪ 1882፥ ሰማያዊ ጠጉር ያላት ልጃገረድ፥ በዐሥራ አምስተኛው ምዕራፍ ራሷ ሞቻለሁ ብላ ልጁን ከደጇ የመለሰችው፥ አሁን ከዛፉ ላይ እንዲወርድ ትእዛዝ ትሰጣለች፤ ሦስት ሐኪሞችም ሞቷል አልሞተም እያሉ በራስጌው ቆመው ይከራከራሉ። እንግዲህ መጽሐፉ ሁለት ክፍል ነው፤ የመጀመሪያው ሞት ነው፥ ሁለተኛው ትንሣኤ ነው፤ ሁለተኛውን ያስጻፉት ሕፃናት ናቸው። ታሪኩ በጃንዋሪ 1883 አለቀ፤ በዚያው ዓመት በፍሎረንስ ፌሊቼ ፓጂ የተባለው አሳታሚ ኤንሪኮ ማዛንቲ ከሣላቸው ሥዕሎች ጋር በመጽሐፍ አወጣው።

አሁን ወደ ኮቲቱ ልመለስ፤ በእኔ አስተያየት የመጽሐፉ ልብ አፍንጫው ሳይሆን እርስዋ ናትና። የአባቱ የጄፔቶ ቤት አንዲት ክፍል ናት፤ በግድግዳው ላይ እሳት ይታያል፥ ነገር ግን እሳቱ የተሣለ ነው፤ በእሳቱም ላይ ድስት ይታያል፥ ድስቱም እንፋሎቱም የተሣሉ ናቸው። ልጁ በረኃብ ተይዞ ወደዚያ ድስት ሮጦ ክዳኑን ሊከፍት ሲሞክር እጁ ሥዕል ይነካል። አባቱ ከእስር ሲመለስ ለቍርሱ የያዛቸውን ሦስት ፒሮች ለልጁ ይሰጠዋል፤ ልጁም መጀመሪያ ልጡን አልበላም ብሎ ሲኰራ ቈይቶ፥ ኋላ ልጡንም እንብርቱንም ሳያስቀር ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ጄፔቶ በእራፊ የተጣፈችውን ኮቱን ለብሶ ይወጣል፤ ሲመለስ የፊደል መጽሐፍ በእጁ ነው፥ በላዩ ግን ሸሚዝ ብቻ ነው፤ ውጭ በረዶ ይጥላል። ኮቱ ወዴት እንደ ሄደች ልጁ ቢጠይቀው ሙቀት ስለ ተሰማኝ ሸጥኳት ይለዋል። ልጁ ነገሩ ይገባዋል፤ ዘሎ አንገቱ ላይ ይጠመጠማል፤ ነገር ግን ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ የአሻንጉሊት ቴአትር ከበሮ ይሰማና ያን መጽሐፍ በአራት ሶልዲ ሸጦ ይገባል። ሌላው በደሉ ሁሉ ከዚህ በደል በታች ነው።

የዳኝነቱን ነገር በአጭሩ ላውሳ። ልጁ በሌቦች ተዘርፌአለሁ ብሎ ሲከስ ሸምግሎ የከበረው የጎሪላ ዳኛ በርኅራኄ ያደምጠውና፥ ገንዘቡን የተዘረፈ እርሱ ስለ ሆነ ወደ ወኅኒ እንዲወርድ ይፈርድበታል፤ ከአራት ወር በኋላ ለወንጀለኞች ምሕረት ሲታወጅም፥ እኔም ሌባ ነኝ ብሎ ካልመሰከረ በቀር አይለቁትም። በአህያነት ዘመኑ ደግሞ፥ ከወዳጁ ከሉቺኞሎ ጋር ትምህርት ወደሌለበት የጨዋታ አገር ሄዶ ጆሮው አድጎ ወደ አህያነት ከተለወጠ በኋላ፥ በሰርከስ ይጨፍራል፤ ሲያነክስም ቆዳው ለከበሮ እንዲሆን ወደ ባሕር ይጣላል። ከዚያም ትልቁ ሻርክ ይውጠዋል። በዘርዐ ክህነት የተማረ ደራሲ በከርሠ ዐንበሪ ያደረውን ዮናስን ሳያስብ ይህን ጻፈ ለማለት አይቻልም፤ ልዩነቱ ግን፥ ዮናስ በዓሣው ሆድ ውስጥ አምላኩን ብቻ ሲያገኝ፥ ይህ ልጅ በጨለማው መጨረሻ በአንዲት ሻማ ብርሃን የተቀመጠ ሽማግሌ አባቱን ማግኘቱ ነው። አሳዳጊውን በጀርባው አዝሎ በባሕር የሚያሻግረው እርሱ ነው።

ከዳኑም በኋላ ፍጻሜው በተአምር ብቻ አልመጣም። ልጁ ለታመመው አባቱ አንዲት ብርጭቆ ወተት ለማግኘት በየማለዳው የአትክልተኛን ውኃ መሳቢያ መዘውር ያዞራል፤ በዚያው ጋጥ ውስጥ በሥራ ብዛት የሚሞተውን አህያ አጐንብሶ ቢያይ ወዳጁ ሉቺኞሎ ነው። ሌሊት ቅርጫት እየሠራ ለራሱ ኮት መግዣ አርባ ሶልዲ ያጠራቅማል፤ ወደ ገበያ ሲሄድ ግን ሰማያዊ ጠጉር ያላት እመቤት ታማና ተቸግራ መተኛቷን ይሰማና ገንዘቡን ሁሉ ይልክላታል። በማግሥቱ ሥጋ ለባሽ ልጅ ሆኖ ይነቃል። አባቱ ኮቱን ሰጠ፤ ልጁም ኮቱን ሰጠ፤ ደራሲው ይህን ያህል የተስተካከለ ሕንጻ መሥራቱን ለአንባቢ አልነገረም፤ እንዲሁ ትቶታል። ኮሎዲ በ1890 በፍሎረንስ ሞተ።

ከእርሱ በኋላ የመጡት ሥዕል ሣዮች፥ በ1901 ካርሎ ኪዮስትሪ፥ በ1911 ደግሞ በብዙ ቀለም አቲሊዮ ሙሲኖ፥ ልጁን በመልክ ለዓለም አስተዋወቁት። በዚያው በ1911 ጁሊዮ አንታሞሮ ድምፅ በሌለው ፊልም አወጣው፤ የልጁን ክፍል የሠራው ፈርዲናንድ ጊዮም የተባለ ጐልማሳ የሰርከስ ተጫዋች ነበር።

ታሪኩን ግን ከሁሉ በላይ በዓለም የዘራውና ከሁሉ በላይ የለወጠው በ1940 በኒው ዮርክ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የዋልት ዲስኒ የሥዕል ፊልም ነው። ሠራተኞቹ መጀመሪያ በኮሎዲ መጽሐፍ መሠረት የሣሉት ልጅ ቀበጥና ጨካኝ ሆኖ ስለ ታያቸው ሥራው ቆመ፤ ከዚያም ልጁን ክብ ፊት ያለው፥ የሚያሳዝን፥ ምንም የማያውቅ የዋህ አደረጉት፤ በኮሎዲ መጽሐፍ በመዶሻ የተገደለውንም ፌንጣ ኮፍያና ጃንጥላ አሲዘው የልጁ ኅሊና እንዲሆን ሾሙት። ስለ ሥዕሉ ውበት፥ ስለ ባሕሩ ማዕበልና ስለ ዓሣ ነባሪው ግርማ የሚነቅፍ ቃል የለኝም፤ በሙዚቃው ሁለት የኦስካር ሽልማት አግኝቷል፤ ፌንጣው የሚዘምረው መዝሙርም እስከ ዛሬ የኩባንያው ዜማ ነው። ነገር ግን ጄፔቶ በዚህ ፊልም የሚያምሩ ሰዓቶች የሞሉበት ሞቃት ቤት ያለው፥ ድመትና ዓሣ የሚያረባ ምቾተኛ ሽማግሌ ነው። ረኃብ የለም፤ የተሣለ ድስት የለም፤ የሚሸጥ ኮት የለም። አባትየው ለልጁ መጽሐፍ ሲሰጥ ምንም አልጐደለበትም። ስለዚህ ልጁ መጽሐፉን ሲተው የተላለፈው ትእዛዝ ነው እንጂ ያጠፋው የአባት ደም አይደለም፤ ኅሊናንም ከውጭ በፌንጣ አፍ ከተናገሩለት፥ ኮሎዲ በረኃብና በኀዘን ከውስጡ ቀስ በቀስ ያበቀለለትን ኅሊና መተካታቸው ነው። ዛሬ የዓለም ሕፃናት አብዛኛዎቹ የሚያውቁት ይህን መልክ ነው።

በገዛ አገሩ ደግሞ ልጁ የባሰ ጠራቢ አጋጠመው። ሙሶሊኒ ሥልጣን በያዘ በማግሥቱ ዓመት፥ በ1923፥ ፒኖኪዮን ጥቁር ሸሚዝ አልብሶ የፋሺስቶች የቅጣት ዘመቻ ተካፋይ የሚያደርግ መጽሐፍ ወጣ፤ በ1927 በባሊላ፥ ማለት በፋሺስቱ የሕፃናት ማኅበር፥ መካከል የሚያሰልፈው ሌላ መጽሐፍ ተከተለ፤ በ1944ም በጀርመኖች ጥላ ሥር በቀረው የሰሜን ኢጣልያ መንግሥት ዘመን እንደ ገና ለስብከት ተጠቀሙበት። በእነዚህ መካከል፥ በ1939፥ «ፒኖኪዮ የንጉሡ አሠልጣኝ» የሚል ርእስ ያለው መጽሐፍ ታተመ፤ ንጉሥ የተባለውም የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነው። አንባቢ ሆይ፥ ዓመቱን ልብ በል። በአዲስ አበባ በየካቲት 12 ቀን የንጹሓን ደም ከፈሰሰ ሁለት ዓመት፥ የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ከተረሸኑ ደግሞ ሁለት ዓመት ገደማ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ናቸው፤ አርበኞች በዱር በገደል ይዋጋሉ፤ በዚህ ጊዜ ነው ለኢጣልያ ሕፃናት፥ መምህሩን የሸሸው፥ የፊደል መጽሐፉን የሸጠው ልጅ፥ የሦስት ሺሕ ዘመን መንግሥት አስተማሪ ተደርጎ የተሰጣቸው። የኮሎዲን መጽሐፍ ለሚወድ ሰው ከዚህ የሚያሳዝን ነገር አላውቅም። አሳታሚው ማርቲኒ ከሃምሳ ስምንት ዓመት በፊት ሕፃናትን ለማስደሰት የጠራው ደራሲ፥ ራሱ ከባዕድ ገዢ ነፃ ለመውጣት ሁለት ጊዜ የዘመተ ሰው፥ ልጁ የባዕድ ገዢ መሣሪያ ሆኖ ቢያየው ምን ይል ነበር?

በሩስያ የሆነው ከዚህ ይለያል። አሌክሴይ ቶልስቶይ፥ በ1923 ከስደት ወደ አገሩ የተመለሰው ደራሲ፥ መጽሐፉን ለመተርጐም ጀምሮ ኋላ ትርጕሙን ትቶ የራሱን ታሪክ ጻፈ፤ «ወርቃማው ቍልፍ» ተብሎ በ1936 በመጽሐፍ ወጣ፤ ልጁም ቡራቲኖ ተባለ። የቡራቲኖ አፍንጫ አይረዝምም፤ እርሱም ሥጋ ለባሽ ልጅ አይሆንም፤ እንጨት ሆኖ ይቀራል፥ እንጨት ሆኖም ደስተኛ ነው። ከኮሎዲ ግን ቶልስቶይ ሁለት ነገር አልጣለም፤ አንደኛ፥ አባቱ ካርሎ ለፊደል መጽሐፍ ሲል ኮቱን ይሸጣል፤ ሁለተኛ፥ በግድግዳው ላይ የተሣለው ምድጃ አለ፥ ነገር ግን ከሥዕሉ በስተጀርባ ምስጢራዊ በር ተሰውሯል፤ በሩም ሲከፈት አሻንጉሊቶቹ ጌታቸውን ካራባስ ባራባስን ትተው የራሳቸውን ቴአትር የሚሠሩበት ሥፍራ ይገኛል። የኮሎዲ ረኃብተኛ እጁን ሰድዶ ሥዕል የነካበትን ግድግዳ ወደ በር መለወጥ የታላቅ ደራሲ ሐሳብ ነው። በ1939 አሌክሳንድር ፕቱሽኮ ፊልም ሠራለት፤ በ1975 በቤላሩስ የተሠራው የቴሌቪዥን ፊልም ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ሕፃናት ሁሉ ልብ ገባ፤ በስሙ ለስላሳ መጠጥ ተጠመቀ። ከዚያ አልፎ የጦር ሠራዊቱ ከታንክ ላይ እሳት የሚተፋውን ከባድ ሮኬት ማስወንጨፊያ በቡራቲኖ ስም ጠራው። ሕፃናት የሚወዱትን ስም ሰው ለሚያቃጥል መሣሪያ መስጠት ምን ዓይነት ልብ እንደሚጠይቅ ለእኔ አይገባኝም።

በጃፓን ኦሳሙ ቴዙካ በ1952 አቶም የተባለውን የብረት ልጅ መሣል ሲጀምር፥ ልጁ የሞተበት ሊቅ በልጁ ፈንታ ሠርቶት ኋላ አያድግም ብሎ ለሰርከስ የሸጠው ፍጡር፥ የፒኖኪዮ የቅርብ ዘመድ ነበር፤ በ2001 ስቲቨን ስፒልበርግ ከስታንሊ ኩብሪክ በተረከበው ሐሳብ የሠራው ፊልምም ሰው ሠራሽ ልጅ ሰማያዊቱን እመቤት ፍለጋ እስከ ባሕር ግርጌ ሲወርድ ያሳያል። እንጨቱ ብረት፥ ብረቱም ኤሌክትሪክ ቢሆን፥ ጥያቄው አንድ ነው፦ የተሠራ ልጅ የሚወደድ ልጅ ሊሆን ይችላልን?

ኢጣልያኖቹ ራሳቸው ከጦርነቱ በኋላ ልጃቸውን ወደ ቀድሞ ድኽነቱ መልሰው አመጡት። በ1956 በኮሎዲ መንደር በስሙ የአትክልት ስፍራ ከፍተው የኤሚሊዮ ግሬኮን የነሐስ ሐውልት አቆሙ፤ ነገር ግን ከሐውልቱ የበለጠ የሠራው በ1972 በቴሌቪዥን የታየው የሉዊጂ ኮሜንቺኒ ሥራ ነው። ኮሜንቺኒ ሰማያዊቱ እመቤት ልጁን ከመጀመሪያው ሥጋ ለባሽ አድርጋው፥ ሲያጠፋ ወደ እንጨትነት እንዲመለስ አደረገ፤ የጄፔቶንም ክፍል ኒኖ ማንፍሬዲ ሠራ። የዚያ ጄፔቶ ፊት የብርድና የማጣት ፊት ነው፤ ልጁም የሚሸሸው ክፉ ስለ ሆነ ሳይሆን ሕፃን ስለ ሆነ፥ ስለ ራበውም ነው። ከፊልሞቹ ሁሉ የኮሎዲን መንፈስ ከማንም በላይ የጠበቀው ይህ ይመስለኛል። ሮቤርቶ ቤኒኒ በ2002 ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኖት ራሱ ልጁን ሆኖ ተጫወተ፥ ሥራውም አልተወደደለትም፤ በ2019 ግን በማቴዎ ጋሮኔ ፊልም ውስጥ ጄፔቶን ሆኖ ሲመለስ በመሸታ ቤት ገብቶ የሚጠገን ነገር በልመና የሚፈልግ አናጢ ሆኖ የቀረበበት መንገድ ያለፈውን ሁሉ ያስረሳል።

በ2022 በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ፊልሞች ወጡ። አንደኛው ዲስኒ የቀድሞ ሥራውን በሰው ተዋናይ የደገመበት ነውና ስለ እርሱ ብዙ የምለው የለኝም። ሁለተኛው በሜክሲኮው ጊዬርሞ ዴል ቶሮ የተዘጋጀ፥ አሻንጉሊቶችን በየጥቂቱ እያንቀሳቀሱ በየቅጽበቱ ፎቶግራፍ በማንሣት የተሠራ፥ በሚከተለውም ዓመት ከሥዕል ፊልሞች የኦስካርን ሽልማት የወሰደ ሥራ ነው። ዴል ቶሮ ታሪኩን በፋሺስት ኢጣልያ ውስጥ አኖረው። ጄፔቶ ልጁ ካርሎ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በቦምብ የሞተበት ሰካራም አባት ነው፤ የእንጨቱን ልጅ የሚጠርበውም በኀዘንና በስካር ሌሊት ስለ ሆነ ጥርቡ ሻካራ፥ አንድ ጆሮው ጐደሎ ነው። የመንደሩ ፋሺስት ሹም ይህ ሊሞት የማይችል ልጅ ጥሩ ወታደር እንደሚወጣው አይቶ ወደ ሕፃናት ጦር ሰፈር ሊወስደው ይመኛል፤ ከሌሎቹ ሕፃናት ሁሉ የሚፈለገውም መታዘዝ ብቻ ነው። ሙሶሊኒ ራሱ የአሻንጉሊት ጨዋታ ሊያይ በመጣ ጊዜ ግን፥ ልጁ በታዘዘው የውዳሴ መዝሙር ፈንታ በፊቱ እየዘለለ መሪውን በዘፈን ያዋርደዋል፤ ይተኰስበታልም፤ ሞቶ ይነሣል። በ1923፥ በ1927፥ በ1939 ጥቁር ሸሚዝ አልብሰው ያሰለፉት ልጅ ሸሚዙን በአደባባይ የገፈፈው በዚህ ፊልም ነው። ከፊልሙ 83 ዓመት አስቀድሞ የንጉሠ ነገሥታችን አሠልጣኝ ብለው ለሾሙት ሰዎች የተሰጠው ይህ መልስ በእኛ በኢትዮጵያውያን እጅ ባይጻፍም፥ ዘግይቶም ቢመጣ፥ እኔ በሙሉ ልብ ተቀብዬዋለሁ።